ማሕሌት፣ ማኅሌት ወይስ ማህሌት? የልጄን ስም በየትኛው ‹ህ› ልጻፈው?

የጥቅምት እናት
ኅዳር 16፣ ከምሽቱ 3፡20

እንዴት ናችሁ? ልጄ ዛሬ 34 ቀኗ ነው። ስሟን ገና ሳትወለድ ነው የመረጥነው። ስሙ ላይ ማንም አልተከራከረም። ያልተስማማነው አጻጻፉ ላይ ነው።

ከመነሻው ልንገራችሁ። የምንኖረው አምስት ኪሎ ነው። በጽጌ ወር፣ ቅዳሜ ለእሑድ ሌሊት፣ የቅድስት ማርያም ማሕሌት መኝታ ቤታችን ድረስ ይሰማል። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ነበር። ሆዴን ይዤ መስኮቱ ጋ ቁጭ እላለሁ። መጀመሪያ ዝግ ያለ ዜማ ብቻ ይመጣል። ቆይቶ ጸናጽሉ ይገባል። ከበሮው ሲጀምር ልጅቷ ትራገጣለች። አንድ ሌሊት ባለቤቴን ቀስቅሼ እጁን ሆዴ ላይ አስቀመጥኩት። ዝም ብሎ ቆየና ‹በቃ፣ ስሟ ታወቀ› አለኝ። ጥቅምት 12 ተወለደች።

አሁን ወደ ችግሩ። ባለቤቴ ማህሌት ብሎ ይጽፋል፣ በሃሌታው ሀ። ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚጽፈው ይላል። የባለቤቴ አባት፣ አባባ፣ በልጅነታቸው ቄስ ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ድቁና ደርሰዋል። እሳቸው ማኅሌት ይላሉ፣ በብዙኃኑ ኀ። ማኅሌተ ጽጌ የሚለውን መጽሐፋቸውን ከመደርደሪያ አውርደው አሳዩኝ፤ ሽፋኑ ላይ እውነትም ኅ ነው። እኔ ደግሞ ማሕሌት እላለሁ፣ በሐመሩ ሐ። ሁለተኛ ደረጃ እያለሁ የአማርኛ አስተማሪያችን ሰሌዳው ላይ ጽፋ ከሥሩ ሁለቴ አስምራበታለች። ለምን እንደሆነ ግን ጥያቄም አልጠየቅኩ፣ መልሱንም አልሰማሁ።

ክርስትናዋ በ80 ቀኗ ነው፣ ጥር 2። የልደት ምዝገባው ደግሞ በ90 ቀን ውስጥ ማለቅ አለበት። ከሁለቱም በፊት መወሰን እፈልጋለሁ። ስም ነው፣ ዕድሜዋን ሙሉ ትይዘዋለች። የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።


የፒያሳ ልጅ
ኅዳር 16፣ ከምሽቱ 3፡41

እንኳን ማርያም ማረችሽ! ስሙ በጣም ያምራል።

እኔ በማህሌት ጻፊ ባይ ነኝ። እህቴም ማህሌት ናት። ሰው ስሟን ሲጠይቃትና ሲጽፍ ሁሌም ያው ነው፣ ‹እንዴት ነው የሚጻፈው› ብሎ የጠየቃት የለም። በሌላ ፊደል ብትሆን በየቢሮው መስኮት ላይ ቆማ ‹አይ፣ በዚህኛው ሐ ነው› እያለች ልትኖር ነው። ያ ደግሞ ያደክማል።


ማሂ ስድስት ኪሎ
ኅዳር 16፣ ከምሽቱ 4፡15

ባለጉዳዩዋ መጣሁ። ስሜ ነውና ልናገር።

የ8ኛ ክፍል ካርዴ ላይ ማህሌት ነኝ። የክርስትና ካርዴ ላይ ማኅሌት ነኝ። የባንክ ደብተሬ ላይ ማሕሌት ነኝ። ሦስቱንም እኔ አልመረጥኩም። እያንዳንዱን የጻፈው ሰው በእጁ የመጣለትን ጻፈ፣ እኔም ‹ያው ነው› ብዬ ተቀበልኩ። እናቴም ‹ያው ነው› ብላ ነበር።

ያው አይደለም። ከሦስት ዓመት በፊት ለሥራ ማስረጃዎቼን አንድ ላይ አስገባሁ። የሚቀበሉኝ ሴትዮ ካርዱንና ደብተሩን ጎን ለጎን አስቀምጠው በብዕራቸው ጫፍ ሁለቱን ፊደሎች ነካ ነካ አደረጉ። ‹እነዚህ ሁለት ሰዎች ናቸው ወይስ አንድ?› አሉኝ። እኔ ሳቅሁ፣ እሳቸው ግን አልሳቁም። በላቲን ፊደልማ የባሰ ነው። ዲግሪዬ ላይ ኤች እና ኤል ጎን ለጎን ናቸው። ፓስፖርቴ ላይ መሀላቸው አይ ገብታለች። በመጨረሻ ፍርድ ቤት ሄጄ ሁለቱም ስም የአንድ ሰው ነው የሚል ውሳኔ አውጥቼ ነው የተገላገልኩት። ስንት ቀን ከሥራ ቀረሁ መሰላችሁ።

ስለዚህ የኔ ምክር፣ የትኛውንም ምረጪ፣ ግን አንዱን ምረጪ። ከዚያ ከክትባት ካርዷ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ያንኑ ያዢ። ሰው ሲሳሳት ደግሞ እዚያው አሳርሚ፤ ‹ያው ነው› እንዳትይ።


ጡረተኛው መምህር
ኅዳር 17፣ ከጠዋቱ 2፡05

ልጄ፣ እንኳን ማርያም በሽልም አወጣችሽ። ጥያቄሽ ልቤን ነካው። 31 ዓመት አማርኛ አስተምሬያለሁ፤ ስለ ልጁ ስም ፊደል የሚጠይቅ ወላጅ ብዙ አላየሁም። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

ዛሬ በአማርኛ ሦስቱንም አንድ አድርገን እናነባቸዋለን። በጥንቱ ግዕዝ ግን ሀ፣ ሐ እና ኀ ሦስት የተለያዩ ድምፆች ነበሩ። ለዚህ ነው አባቶች እንዳይምታቱ ስም ያወጡላቸው። ሀ ሃሌታው ነው፣ ከሃሌ ሉያ። ሐ ሐመሩ ነው፣ ከሐመር፣ ከመርከብ። ኀ ብዙኃኑ ነው፣ ብዙኃን ከሚለው ቃል። ተማሪ ሲጠራቸው በስማቸው ነው፤ ድምፁ ቢጠፋም ስሙ ቀረ።

አሁን የልጅሽን ስም ተመልከቺ። ሦስት የግዕዝ ግሶችን ጎን ለጎን አስቀምጫቸው።

ሀለወ፣ በሃሌታው፦ ኖረ፣ አለ ማለት ነው። ህልውና ከዚህ ይወጣል።
ሐለየ፣ በሐመሩ፦ ዘመረ፣ አዜመ ማለት ነው።
ኀለየ፣ በብዙኃኑ፦ አሰበ ማለት ነው። ኅሊና ከዚህ ይወጣል።

ሌሊት መስኮትሽ ጋ ሆነሽ የሰማሽው የትኛውን ነው? ማሰብን አይደለም፣ መዘመርን ነው። ስለዚህ ማሕሌት የሐለየ ልጅ ናት፣ በሐመሩ ሐ። አስተማሪሽ ያሰመረችበት በምክንያት ነው።

አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ በ1948 ዓ.ም. በታተመው ትልቁ የግዕዝ መዝገበ ቃላታቸው ሐለየን እና ኀለየን ለየብቻ ነው ያስቀመጧቸው። መጽሐፉን ካገኘሽ ግን በሀ ሁ ተራ እንዳትፈልጊ። አለቃ በአበገደ፣ አ በ ገ ደ ብሎ በሚጀምረው ተራ፣ ነው የደረደሩት። ሐ ከዘ ቀጥሎ ይመጣል። ተማሪዎቼ በዚህ ምክንያት ‹ቃሉ የለም› እያሉ ይመለሱ ነበር።

እግረ መንገዴን፣ ከስሞቻችን ውስጥ ኂሩት በብዙኃኑ ነው፣ ኄር ከሚለው፣ ገብር ኄር እንደምንለው። ሕይወትና ምሕረት በሐመሩ ናቸው። ብርሃን በሃሌታው ነው። ሠናይት በንጉሡ ሠ ናት። እያንዳንዱ ስም ከየት እንደመጣ ፊደሉ ይናገራል።


የጥቅምት እናት
ኅዳር 17፣ ከጠዋቱ 4፡30

መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ልጄን እያጠባሁ ነው ያነበብኩት፤ ሦስቱን ግሶች ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። እሱም ‹አባባ ግን ምን ይላሉ?› አለ።

እኔም እዚያው ላይ ቆምኩ። አባባ ሰነፍ አንባቢ አይደሉም። መጽሐፋቸውም የቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ነው። ሐመሩ ሐ ትክክል ከሆነ ማኅሌተ ጽጌ በኅ ለምን ታተመ? እሳቸውን ‹ተሳስተዋል› ብዬ መናገር አልችልም፣ አልፈልግምም።


ጡረተኛው መምህር
ኅዳር 17፣ ከቀኑ 7፡10

ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ አባባም አልተሳሳቱም የምልበት መንገድ አለኝ።

የሐ እና የኀ ድምፅ ከአንደበት ከጠፋ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ድምፁ ከጠፋ በኋላ ጸሐፊው የሚመራው በጆሮው አይደለም፤ በዓይኑና በልማዱ ነው። ስለዚህ በብራና መጻሕፍት ውስጥ እንኳ ሁለቱ ፊደላት እየተለዋወጡ ይገኛሉ። አንድ ገጽ ላይ አንድ ቃል ሁለት ዓይነት ሆኖ ያየሁበት ጊዜ አለ። የመጽሐፍ ቅዱሱን መኃልየ መኃልይ ውሰጂ። የዚያው የሐለየ ዘመድ ነው፤ ግን የታተመው በኃ ነው። ሺህ ጊዜ አንብበነዋል፤ ዓይናችን ለምዶታል።

ሌላም አለ፤ ይህ የራሴ ግምት ነው። ማኅበር፣ ማኅተም፣ ማኅደር ሦስቱም በትክክል በብዙኃኑ ናቸው። ኀብረ፣ ኀተመ፣ ኀደረ ከሚሉት ስለሚወጡ። እጅ ‹ማኅ› ብሎ መጀመር ሲለምድ ማሕሌትንም አብሮ የሚወስዳት ይመስለኛል።

ስለዚህ ለአባባ ‹ተሳስተዋል› አትበያቸው። ‹የእርስዎ ልማድ ነው፣ የእኔ ሥርወ ቃል ነው› በያቸው። የተማረ ሰው ይህን ይረዳል።


ቀላል አማርኛ
ኅዳር 17፣ ከምሽቱ 1፡00

መምህርን አከብራለሁ፣ ግን እኔ በፍጹም አልስማማም። አማርኛ ግዕዝ አይደለም። በአማርኛ ለአንድ ድምፅ ሦስት ቤት አለን። ሦስት ጊዜ ሰባት 21 ፊደል ማለት ነው። ኸን ሳልቆጥር።

ልጄ አንደኛ ክፍል ናት። ‹ሃይማኖት› ጽፋ መጣች፣ በሐ። አስተማሪዋ በቀይ አሰመረችበት። ልጄ አለቀሰች። ‹አባዬ፣ እንዴት ነው የማውቀው?› አለችኝ። ምን ልበላት? ግዕዝ ተምረሽ ነይ? ድምፁን በትክክል ሰምታለች፣ በትክክል ጽፋለች። አንዱን ፊደል ለአንድ ድምፅ ብናደርገው ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። ፊደል አይቀነስ የሚሉ ሰዎች የሚያነሱት ‹ሠረቀ ወጣ፣ ሰረቀ ሌባ ሆነ› የሚለው ምሳሌ የግዕዝ ነው። በአማርኛ ‹ፀሐይ ወጣች› እንጂ ‹ሠረቀች› የሚል ማን አለ?

እህቴ፣ ለልጅሽ ስትይ ማህሌት ብለሽ ጻፊ። አንደኛ ክፍል ስትገባ ስሟን ያለ ፍርሃት ትጽፈው።


ጡረተኛው መምህር
ኅዳር 17፣ ከምሽቱ 2፡25

ወንድሜ፣ በልጅህ ለቅሶ ላይ አልከራከርህም። እኔም አንደኛ ክፍል ባስተምር ኖሮ ያን ቀይ መስመር አላሰምርም ነበር። የአንደኛ ክፍል ልጅ ድምፁን ከጻፈ ይበቃል።

የተጸውዖ ስም ግን ከሌላው ቃል ይለያል ባይ ነኝ። ሌላውን ቃል በሺህ ሰው እጅ እንጽፈዋለን። ስም ግን ባለቤት አለው። ልጅቷ ፊደሉን ከግዕዝ አትማረውም፤ ከስሟ ትማረዋለች። አንዲት ማሕሌት የምትባል ተማሪ ነበረችኝ፤ ክፍሉ ውስጥ ሐመሩን ሐ ፈጽሞ የማትስተው እሷ ብቻ ነበረች። ምክንያቱም የእሷ ነው።


ፈረሰኛ ሐና
ኅዳር 17፣ ከምሽቱ 3፡02

ሐና፣ ሃና፣ ሀና። ሁሉንም ሆኜ አይቻለሁ። በሐመሩ መሆኑን ያወቅኩት በ27 ዓመቴ ነው፣ ቤተ ክርስቲያን የኪዳነ ምሕረትን መዝሙር ደብተር ላይ ሳነብ። ያን ቀን ቤት ገብቼ ስሜን ወረቀት ላይ አሥር ጊዜ ጻፍኩት። አንቺ ልጅሽን ከአሁኑ አሳውቂያት።


የአንዋር ሰፈር
ኅዳር 18፣ ከጠዋቱ 3፡15

አሰላሙ ዐለይኩም፣ እንኳን ደስ ያለሽ እህቴ። እኔ ሙስሊም ነኝ፣ ግን ጥያቄው የእኛም ቤት ጥያቄ ነው።

እናቴ ሐሊማ ትባላለች። በዐረብኛ ያ ድምፅ ከጉሮሮ መሀል ነው የሚወጣው፣ ከተራው ‹ሀ› ይለያል። ስለዚህ እኛ ቤት በሐመሩ ሐ ነው የሚጻፈው። አክስቴ ደግሞ ኸዲጃ ናት። የእሷ ሌላ ነው፣ ከላንቃ ኋላ የሚሻክር ድምፅ አለው። አንዱ ቢሮ ሃዲጃ፣ አንዱ ከድጃ እያለ ይጽፍላታል። እሷ ግን እያንዳንዱን ታስተካክላለች። ብዕሩን ተቀብላ ራሷ ኸን ትጽፈዋለች። ‹በነቢያችን ባለቤት ስም ነው የተጠራሁት፣ በደንብ ይጻፍ› ትላለች።

ስለዚህ እኔ ከመምህር ጋር ነኝ። ስሙ ከየት እንደመጣ የሚያሳየውን ፊደል ያዢ።


የመቀሌ ልጅ፣ ካዛንቺስ
ኅዳር 18፣ ከቀኑ 6፡40

ለእኛማ ይሄ ክርክር የለም። ሕ በትግርኛ ዛሬም በሕይወት አለ። አያቴ ‹ማሕሌት› ስትል ሕ ከጉሮሮዋ ትንፋሽ ሆኖ ሲወጣ ትሰሚዋለሽ፤ ሀ ካለችው ጋር ፈጽሞ አይመሳሰልም። አንድ ቀን የሥራ ባልደረባዬን ማሕሌትን ቤት ወስጄ አስተዋወቅኋት። አያቴ ስሟን ጠራቻት። ልጅቷ ደንገጥ ብላ ‹እስቲ እንደገና ይበሉት› አለች። 30 ዓመት የተጠራችበትን ስም ያን ቀን ገና የሰማችው ነው የመሰላት።

የምትኖሪው አዲስ አበባ ቢሆንም፣ ልጅሽን በዚያ ድምፅ የሚጠራት ሰው አንድ ቀን ይገጥማታል። ፊደሉ ዝግጁ ሆኖ ይጠብቃት።


ኮድ ጸሐፊ
ኅዳር 18፣ ከምሽቱ 2፡50

እኔ ደግሞ ከሌላ በኩል ልምጣ። ሶፍትዌር ነው የምሰራው።

ለሰው ጆሮ ህ፣ ሕ እና ኅ አንድ ናቸው። ለኮምፒውተር ግን ሶስት የማይገናኙ ፊደሎች ናቸው። የኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች በጋራ የሚጠቀሙበት የፊደል ቁጥር ዝርዝር ውስጥ፣ የገባው በፈረንጆቹ 1999 ነው። ያኔ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር ተሰጠው። ህ 1205 ነው፣ ሕ 1215፣ ኅ 1285። ስም ሲፈለግ ማሽኑ የሚያወዳድረው ቁጥሮቹን ነው። ሲስተሙን የሰራው ሰው ‹እነዚህን እንደ አንድ ቁጠር› ብሎ ካልነገረው፣ ማህሌትን ስትፈልጊ ማሕሌት አትመጣም። ብዙ ሲስተም ይህ አልተደረገለትም። እኔ በምሰራበት ቦታ ይህን ለማስተካከል ሁለት ሳምንት ፈጅቶብኛል፣ በስም ብቻ ፍለጋ ‹የለም› የተባሉ ሰዎች ፋይላቸው እዚያው ነበር።

ይህን የምለው ላስፈራሽ አይደለም። ማሂ ያለችውን ላጠናክር ነው። ሦስቱም ይሰራሉ፣ መደባለቅ ነው የማይሰራው። ለፋይዳም፣ ለትምህርት ቤትም፣ ለፓስፖርትም አንድ አይነት ይሁን። የላቲኑንም አሁኑኑ ወስኚ፣ የልደት ሰርተፊኬቱ ላይ ሁለቱም ይጻፋል። ኤም፣ ኤ፣ ኤች፣ ኤል፣ ኢ፣ ቲ። ስድስት ፊደል፣ መሀል ላይ ምንም አትጨምሪ። እኔ የማየው አብዛኛው ሰው በዚህ ነው የሚጽፈው።

አንድ ነገር ደግሞ። ስልክሽ ላይ ሕን ለመጻፍ ህን ተጭነሽ መቆየት ወይም ሌላ ገጽ መክፈት ሊኖርብሽ ይችላል። እንደ ኪቦርዱ ነው። ሰው ሁሉ ማህሌት የሚጽፈው አምኖበት አይመስለኝም፣ ህ ስለምትቀርበው ነው።


የወረዳ ጎረቤት
ኅዳር 19፣ ከጠዋቱ 5፡00

ሁለት ልጆች አስመዝግቤያለሁና የሚጠቅምሽን ላካፍልሽ።

ከወለድሽበት ሆስፒታል የሰጡሽን የልደት ማሳወቂያ ወረቀት ያዢ። የሁለታችሁንም መታወቂያ ያዢ። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ልደት በ90 ቀን ውስጥ ነው የሚመዘገበው፣ አንቺም ያወቅሽው ነው። የምትሄጂው የምትኖሩበት ወረዳ ነው።

ስሙን ግን በቃል አትንገሪያቸው። ይህ ዋናው ነው። ወረቀት ላይ በጉልህ ጽፈሽ ስጫቸው፣ በአማርኛም በላቲንም። ከመታተሙ በፊት ‹ስክሪኑን ላየው?› በይ። የመጀመሪያ ልጄን በቃል ነው የነገርኩት። ጽዮን አልኩ፣ ፅዮን ሆኖ ወጣ። ቤት ገብቼ ነው ያየሁት። ለማሳረም የሄድኩበትን ምልልስ ባልነግርሽ ይሻላል። ሁለተኛዋን ግን ወረቀት ይዤ ሄድኩ፣ አሥር ደቂቃም አልፈጀ።


የፒያሳ ልጅ
ኅዳር 19፣ ከቀኑ 8፡15

ሐሳቤን ልቀይር ነው መሰለኝ። እህቴን ትናንት ‹ስምሽ የትኛው ህ ነው?› ብዬ ጠየቅኳት። ‹ማን ጠይቆኝ ያውቃል› አለችኝ። የመምህርን መልስ ላኩላት። ‹ሐለየ› የሚለውን አንብባ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከፒያሳ ከተነሳን ወዲህ የሰፈሩ ደወልና ቅዳሴ እንደናፈቃት ነው ያወራችኝ። ለእናንተም አመሰግናለሁ።


የጥቅምት እናት
ታኅሣሥ 3፣ ከምሽቱ 4፡10

ይቅርታ፣ ዘገየሁ። ትንሿ ሆዷን እያመማት ሌሊት አታስተኛንም ነበር። አሁን ተሽሏታል። የሆነውን ሁሉ ልንገራችሁ።

ባለፈው እሑድ አባባ ቤት ሄድን። ቡና ተፈላ። መምህር ያሉኝን በወረቀት ገልብጬ ነበር፣ ሦስቱን ግሶች አንዱን ከአንዱ ሥር። እንደ ምክርዎ ‹ተሳስተዋል› አላልኩም። ወረቀቱን ሰጠኋቸውና ‹አባባ፣ እስቲ ይመልከቱልኝ› ብቻ አልኳቸው።

መነጽራቸውን አደረጉ። ሐለየን አነበቡ፣ ኀለየን አነበቡ፣ ወደ ሐለየ ተመለሱ። ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር። ከዚያ ተነሥተው ወደ ውስጥ ገቡ። ተቆጡ ብዬ ደነገጥኩ። ዳዊታቸውን ይዘው ተመለሱ።

የዳዊቱ የመጨረሻ ባዶ ቅጠል ላይ የቤተሰቡ ልደት ሁሉ ተጽፏል። የሴት አያታቸው ስም አለ፣ ቀለሙ ቡናማ ሆኗል። የባለቤቴ አለ። የእህቶቹ አለ። ከሁሉም ሥር፣ በአዲስ ጥቁር ቀለም፣ የእኔ ልጅ አለች። ‹ማኅሌት፣ ጥቅምት 12 ቀን›። በብዙኃኑ ኅ። በተወለደች ማግስት ነው የጻፉት፣ ለማንም ሳይናገሩ።

እኔ ምን ልበል? እንባዬ መጣ። ‹ይሁን አባባ፣ በእርስዎው ይሁን› አልኳቸው። ከልቤ ነው ያልኩት። እሳቸው ግን እጃቸውን አነሡ። ‹የለም። መንግሥት ዘንድ በሐለየ ይጻፍ። እውነቱ እሱ ነው፤ ድቁና ስማር ይህን መምህሬ ነግረውኝ ነበር፣ ረስቼው ነው› አሉ። ቅጠሉን በመዳፋቸው ዳሰስ አደረጉት። ‹ለሚቀጥለዋ ደግሞ ኅሊና በሏት። ያኔ የእኔም ኅ በቦታዋ ትገባለች።› ባለቤቴ ቡናው ትን አለው።

ዛሬ ጠዋት ወረዳ ሄድን። የወረዳ ጎረቤት እንዳልሺው ወረቀት ይዤ ነበር። የሚመዘግበው ልጅ ወጣት ነው። ወረቀቱን አየ፣ አንድ ነገር ተጫነ፣ አጠፋ፣ እንደገና ተጫነ። ቀና አለና ‹ሐመሩ ሐ ነው አይደል?› አለኝ። ያልጠበቅሁት ነገር ነው። ‹አዎ፣ ሐመሩ› አልኩት። ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረልኝ። ማ፣ ሕ፣ ሌ፣ ት። በጣቴ አንድ በአንድ ነካኋቸው። ከሥሩ ስድስቱ የላቲን ፊደላት አሉ። ‹አትመው› አልኩት።

ሰርተፊኬቱ አሁን አልጋዋ አጠገብ ነው። ማሂ፣ የክትባት ካርዷንም አሳርሜያለሁ፤ ነርሷ ህን ሰርዛ ሕን ጻፈችበትና ፈረመችበት።


ማሂ ስድስት ኪሎ
ታኅሣሥ 3፣ ከምሽቱ 4፡22

አነበብኩት፣ አለቀስኩ፣ ለእናቴ አነበብኩላት። እኔም የባንክ ደብተሬን ብቻ አስቀርቼ ሌላውን ወደ ሕ ላስተካክል ነው። ጥር 2 ክርስትናው ቅድስት ማርያም ከሆነ ቅርብ ነኝ፣ እመጣለሁ።


ቀላል አማርኛ
ታኅሣሥ 3፣ ከምሽቱ 5፡05

ሐሳቤ ስለ ፊደል መቀነስ ያው ነው። ግን እንኳን ደስ አላችሁ። ለልጄ አንብቤላት ‹የእኔ ስምስ የትኛው ነው?› አለችኝ። ነገ አብረን እንፈልጋለን።


ጡረተኛው መምህር
ታኅሣሥ 4፣ ከጠዋቱ 1፡30

ልጄ፣ በጣም ደስ አለኝ። አንድ ነገር ብቻ አደራ። ዳዊቱ ላይ የተጻፈውን እንዳታስፍቂ። ማሕሌት አድጋ ማንበብ ስትችል ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጊና አሳያት።


የጥቅምት እናት
ታኅሣሥ 4፣ ከጠዋቱ 1፡48

አላስፍቅም መምህር። አባባም ከሥሩ ትንሽ መስመር ጨምረዋል። ‹በወረዳ መዝገብ በሐመሩ ሐ› ይላል።